«ሰርቪስ» ማንን ያገለግላል?

ክረምት ነው። በነቀምቴ ከተማ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጉሙ ከባኬ ጃማና ከቡርቃ ጃቶ ጣራዎች ላይ ገና ሳይገፈፍ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጭቃውን እየዘለለ ወደ አስፋልቱ ይሮጣል። ጎረቤቱ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው፣ «ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ!» ይላታል፤ የሠራተኞችን አውቶቡስ ማለቱ ነው። በዚያው ሰዓት ከመናኸሪያው አቅራቢያ በሚገኝ ጋራዥ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ የሚመላለስ ሾፌር የሞተሩን ክዳን ከፍቶ «ሰርቪስ ይደረግልኝ» ይላል፤ ዘይቱ ይቀየር፣ ማጣሪያው ይጽዳ፣ ፍሬኑ ይታይ ማለቱ ነው። ረፋዱ ላይ ከአዲስ አበባ ስብሰባ የተመለሰ ኃላፊ የሆቴል ደረሰኙን ለሒሳብ ሹሙ ያስረክባል፤ በደረሰኙ ግርጌ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል መስመር አለ። ከቀትር በኋላ አንድ አዛውንት የጡረታ ፎርም ሲሞሉ ጸሐፊዋ «አባባ፣ ስንት ዓመት ሰርቪስ አለዎት?» ትላቸዋለች፤ በሥራ ያለፈ ዕድሜያቸውን መጠየቋ ነው። ሲመሽ ደግሞ አዲስ የተመደበ ወጣት መምህር የት እንደሚኖር ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚያ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ሰርቪስ ተከራይቼ» ይላል።

አንድ ቃል ከንጋት እስከ ምሽት አውቶቡስም፣ የመኪና ፍተሻም፣ የሒሳብ ጭማሪም፣ የሰው ዕድሜም፣ የጓሮ ክፍልም ሆኖ ዋለ። ከአምስቱ ትርጉሞች አራቱ በአደባባይ ድምፅ ተነገሩ። አምስተኛው ግን በለሆሳስ ተነገረ። ክርክሩ የሚጀመረው ከዚህ ለሆሳስ ነው።

በቋንቋ ጉዳይ አዘውትረው የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን ቃል ቃል ነው፣ የመጣው ይምጣ፣ ሕዝብ የተግባባበት ሁሉ የሕዝብ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ባዕድ ቃል በሰማ ቁጥር ፊቱን አጨፍግጎ ከግዕዝ መዝገብ ውስጥ አንድ ሰባት ፊደል ያለው ምትክ መዝዞ ያወጣል፤ ምትኩን ከራሱ በቀር የሚናገረው ሰው ግን አይገኝም። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት በየመድረኩ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ሆኖም አንዳቸውም መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ አልጠየቁም። ጥያቄው ቃሉ ከየት መጣ የሚል አይደለም። ቃሉ ሲመጣ ምን ሸፈነ? ማንስ እንዲሸፈን ፈለገ? የሚል ነው።

ባንክ፣ ሆቴል፣ ፖስታ፣ ጋራዥ የሚሉት ቃላት ባዕድ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት ከዕቃቸው ጋር በግልጽ በር የገቡ ናቸው። ባንክ ያልነበረበት አገር ባንክን ከነስሙ ተቀበለ፤ በዚህ ማንም አልተጎዳም። እንዲያውም የአገሬው ሰው ቃሉን እንደ ጭቃ አቡክቶ የራሱ አድርጎታል፤ አንድ አልጋ የሌለው የሽሮና የሻይ ቤት በወለጋ ከተሞች ሁሉ «ሆቴል» ነው፤ እንግሊዛዊው ቢሰማ ይገረም እንደሆን እንጂ ባለ ሽሮ ቤቷ ምንም አላጠፋችም። ዓለምም ቢሆን ከዚህ አገር የወሰደውን ስም እንዲሁ አድርጓል። የነቀምቴ ቡና በዓለም ገበያ «ለከምቲ» እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል፤ የከተማይቱ ስም በነጋዴ አፍና በቆየ ካርታ ላይ ተለውጦ ቀርቷል፤ ቡናው ግን ያው ቡና ነው። የቃል ንግድ ድንበር የለውም፤ ድንበር ይኑረው የሚልም ተላላ ነው።

«ሰርቪስ» ግን ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። እንግሊዝኛው ቃሉን ያገኘው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛው ከላቲን ወርሶታል፤ በላቲን ሥሩ «ሰርቩስ» ይባላል፤ ትርጉሙም ባሪያ ማለት ነው። የሮም ባሪያ ቃል በመካከለኛው ዘመን የጭሰኛ ግዴታ ሆነ፤ ቆይቶ የቤት አሽከር ሥራ፤ ቆይቶም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የጦር ሠራዊት፣ የመንግሥት ቢሮ፣ የሻይ ዕቃ ስብስብ፣ የቴኒስ ኳስ የመጀመሪያ ምት ሆነ። ሥሩን እየራቀ በሄደ ቁጥር እየተከበረ መጣ ማለት ነው። ይህን መንገድ የተጓዘው በራሱ አገር፣ በራሱ ሕዝብ ትግል ነው። እዚህ አገር ግን የደረሰው ከጉዞው ፍጻሜ ተቆርጦ ነው።

የተቆረጠው ደግሞ በጥሬ ትርጉሙም ነው። አማርኛ እንግሊዝኛን ሲዋስ የሁለት ቃል ስም ከሆነ አንዱን ጥሎ አንዱን የመያዝ ልማድ አለው። የሠራተኛ ማመላለሻው አውቶቡስ ሙሉ ስሙ የተጣለበት ነው፤ «አውቶቡስ» የሚለው ተጥሎ «ሰርቪስ» የሚለው ቀረ። የጓሮው ክፍልም እንዲሁ ነው። እንግሊዞች ይህን ቤት የሚጠሩበት ስም የአገልጋዮች መኖሪያ የሚል ትርጉም አለው። ከዚህ ስም መኖሪያ የሚለው ወደቀ፤ አገልጋዮች የሚሉት ሰዎችም ወደቁ፤ የቀረው ሥራው ብቻ ነው። ሰው የሚተኛበት፣ ሰው የሚታመምበት፣ ሰው የሚያለቅስበት ክፍል ሰው በሌለው ስም መጠራት ጀመረ። እነሆ የቃሉ ጥቅም ይህ ነው፤ ለባለቤቱ ማለት ነው።

ቤቱ ራሱ ብዙ ምርመራ አይጠይቅም። በጥንታዊው የባላባት ግቢ አሽከሩና ገረዲቱ በማድ ቤት፣ በበረት ጥግ፣ በደጅ አጥር ሥር ያድሩ ነበር፤ ልዩ ስም ያለው ቤት አልነበራቸውም። የከተማ ቪላ ሲመጣ ከቪላው ኋላ፣ ከግንቡ አጥር ጋር ተጣብቆ፣ አንድ መስመር ቤት ተሠራ፤ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ መጨረሻው ላይ መጸዳጃ። የቪላው ፊት ወደ መንገድ ሲያይ የዚህኛው ፊት ወደ ቪላው ጀርባ ያያል። ይህ አሠራር በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ሻምቡ ተዛመተ፤ ዛሬም የከተማ ነዋሪ ቤት ሲሠራ፣ ዋናው ቤት መሠረቱ ሳይወጣ መጀመሪያ የሚያቆመው ሰርቪሱን ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የቪላውን ባለቤት ከትርፍ ቤቶቹ ለየው። ከዚያው ዘመን ጀምሮ በአደባባይ ንግግርም ትልቅ ለውጥ ተደረገ፤ ገረድ የሚለው ቃል ነውር ሆነ፣ አሽከር የሚለው ከመድረክ ወረደ፣ ሎሌ ለታሪክ መጽሐፍ ተተወ። በምትካቸው «የቤት ሠራተኛ» የሚል የክብር ስም ተተካ። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሰው ሠራተኛ ሲባል ደመወዝ፣ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ ማኅበር የሚባሉ ነገሮች አብረው ወደ አእምሮ ይመጣሉ። ይሁን እንጂ የሰውዋ ስም ሲለወጥ የክፍልዋ ስም አልተለወጠም። ገረድ የሚለውን ቃል ለመናገር የሚያፍር አፍ ሰርቪስ ለማለት አያፍርም፤ ምክንያቱም ሰርቪስ ፈረንጅኛ ነው፣ ፈረንጅኛ ደግሞ አያሳፍርም። በአማርኛ «የገረድ ክፍል አከራያለሁ» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ደላላ በነቀምቴ አይገኝም። «ሁለት ሰርቪስ አለ» የሚል ግን በየግንቡ አለ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው ይህ በነቀምቴ ላይ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም ባርነት ምን እንደሆነ፣ ትርጉምስ ምን እንደሆነ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የተገናኙባት ከተማ ብትኖር ነቀምቴ ናት።

በልጅነቱ ስሙ ሂካ ይባል ነበር። ከኢሉባቦር ምድር ሁሩሙ አካባቢ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጣ። በስዊድን ወንጌላውያን ትምህርት ቤት ተምሮ ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። ሂካ በአፋን ኦሮሞ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው፤ መፍታትና መተርጎም በዚያ ቋንቋ አንድ ግስ ናቸው። በአማርኛም ቢሆን የቃል «ፍቺ» ከመፍታት የመጣ ነው፤ የሁለቱ ቋንቋዎች ሊቃውንት ሳይመካከሩ ትርጉም ማለት የታሰረን መፍታት መሆኑን ተስማምተዋል። ኦኔሲሞስ የሚለው የክርስትና ስሙ ደግሞ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኘው የባሪያ ስም ነው፤ በግሪክ ጠቃሚ፣ የሚበጅ ማለት ነው፤ ባሪያን በሚሰጠው ጥቅም የሚጠራ ስም። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ስም ተሸከመ፤ አንዱ የሚያገለግል፣ ሌላው የሚፈታ። የሰውየው ሕይወት ሙሉ በሙሉ በሁለተኛው መንገድ ሄደ። አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በ1899 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል በኦሮሞ ቋንቋ አሳተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመውም በስዊዘርላንድ ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብቶ በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ፤ ተከሰሰ፣ ተከለከለ፣ ተመልሶ አስተማረ፤ በ1931 እ.ኤ.አ. በዚያው አረፈ።

ከእርሱ ጋር አብራ የደከመችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች። በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የማንበቢያ መጽሐፍ የእጅዋ ሥራ አለ፤ አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ አውጥታ በጽሑፍ አስፍራለች። በማንም ቤት ማድ ቤት ውስጥ እንድትቀር የተሸጠች ልጅ የአንድን ሕዝብ የቃል ሀብት በደረትዋ ይዛ ተሻገረች።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ቃል ሲቸግራቸው ምን አደረጉ? ከባዕድ ቋንቋ ጠቅልለው አልገለበጡም። የሚያውቁትን የቤት፣ የከብት፣ የእርሻ፣ የሐዘን ቃል ፈለጉ፤ የቃሉን ፍቺ ካገኙ በኋላ ብቻ ጻፉ። ባሪያ የሚለውን ቃል በሚጽፉበት ገጽ ላይ ምን እንደሚጽፉ ያውቁ ነበር፤ ሌላ ተርጓሚ እንዲያ ሊያውቀው አይችልም። ዛሬ በእነርሱ ከተማ የሚኖር የተማረ ሰው፣ ሁለት ቋንቋ በአፉ ሞልቶ፣ የቤት ሠራተኛው የምትተኛበትን ክፍል በላቲን ባሪያ ስም ይጠራል፤ የሚለውንም አያውቅም። አለማወቁ ያስወቅሰዋል እንጂ አያስምረውም።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይዛባ አንድ ነገር መነገር አለበት። የአገሩ ቋንቋዎች በዚህ ነገር ንጹሐን ናቸው የሚል ካለ ግዕዝን አላየም። በግዕዝ «ገብር» ባሪያ፣ አገልጋይ ነው፤ ከዚያው ሥር ግብር ይወጣል፣ ተግባርም ይወጣል፣ ገባርም ይወጣል፣ ገበሬም ከዚያው አይርቅም። ሥራ መሥራት፣ ግብር መክፈልና ለሰው መገዛት በአንድ ሥር የተቋጠሩ ናቸው፤ የፊውዳሉ ሥርዓት በቋንቋ ውስጥ የጻፈው ፊርማ ይህ ነው። የነቀምቴው ገዢ ኩምሳ ሞሮዳ ሲጠመቁ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ነው። ስሙ የክብር ስም ነው። በዚያው ግቢ ውኃ የሚቀዳው አገልጋይ ግን ገብረ ማንም አልተባለም። ለላይ ማገልገል ማዕረግ፣ ለጎን ማገልገል ውርደት ሆኖ የቆየው እንዲህ ባለ የስም ክፍፍል ነው። ክፍፍሉ ዛሬም አላለቀም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ «አገልጋይ» የሚለው ስም በትልልቅ ፖስተር ላይ ከፎቶግራፍ ጋር ይጻፋል፤ የተከበረ ሰው ስም ነው። በዚያው ፖስተር ሥር አዳራሹን የምትጠርገው ሴት ምን ትባላለች? ማንም አገልጋይ አይላትም።

ስለዚህ ቋንቋ ሁሉ አሳፋሪ ጓዳ አለው። ልዩነቱ አንድ ነው። ገብርና ገባር የሚሉት ቃላት በአገሬው ሰው ጆሮ ውስጥ ሥራቸውን ይናገራሉ፤ ገባር ሲባል ሰሚው ያውቃል፤ ያወቀውን ይጠላል፤ የጠላውን ይታገላል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ገባርነትን ሲሽር ሕዝቡ ምን እንደተሻረ የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም። ሰርቪስ ግን ድዳ ነው። ለሚሰማው ሰው ምንም አይናገርም። ድዳ ቃል ለጌታ ይመቻል።

መንግሥታትም ይህን ያውቃሉ፤ ደግሞም ከሁለቱ ቃላት መርጠው ተጠቅመዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲልክ ስሙን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አለው፤ በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሱት ወጣቶች የአገራቸውን ገጠር ያወቁበት መንገድ ነበርና ብዙዎቹ ይህን «አገልግሎት» በበጎ ያስታውሱታል። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለሠላሳ ወራት ከቤቱ አወጣ፤ የወለጋ እናቶችም ልጃቸውን ያጡበትን «አገልግሎት» በሌላ ፊት ያስታውሱታል። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገር ግን አገልግሎት አማርኛ በመሆኑ ሰው ተረድቶት ወደደው ወይም ጠላው። በ1987 ዓ.ም. ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ሲቪል ሰርቪስ፣ ፐብሊክ ሰርቪስ የሚሉ ሰሌዳዎች በየክልሉ በዙ። በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል በሚጻፈው የኦሮሚያ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ «ፓብሊክ ሰርቪሲ» ሲባል፣ ጎኑ ያለው የአማርኛ ሰሌዳ «ፐብሊክ ሰርቪስ» ይላል። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ቋንቋዎች በዚህ ተስማሙ፤ ሁለቱም ስሙን ከመፍታት ተቆጠቡ። አፋን ኦሮሞ «ተጃጂላ» የሚል ሕያው ቃል አለው፤ አማርኛ አገልግሎት አለው። ባለ ጉዳዩ ገበሬ ከዲጋ ወይም ከሲሬ መጥቶ ሰሌዳው ሥር ሲቆም፣ ያ ቢሮ እርሱን እንዲያገለግል የተሠራ መሆኑን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ቃል አያገኝም። ባያውቀው ነው የሚሻለው ያለ አለ ማለት ነው። (ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚል ሌላ ባዕድ ቃል ይጠብቀዋል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያመላልስ አንድ ድርጅት ሲቋቋም የፐብሊክ ሰርቪስ ሠራተኞች ትራንስፖርት አገልግሎት ድርጅት ተባለ። በአንድ ስም ውስጥ ሰርቪስም አገልግሎትም አሉ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በአማርኛ፤ ስሙን ያወጣው ሰው ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን ያስተዋለ አይመስልም። ሕዝቡ ግን ስሙን በአንድ ትንፋሽ ቆረጠው፤ «ፐብሊክ» አለውና ተሳፈረ።

ቀልዱ እዚህ ያቁም፤ ምክንያቱም ቃሉ ሕግም ያወጣል፣ ከሕግም ያስወጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅም እንዲሁ ነበር፤ ጉዳዩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተባለ። የግል አገልግሎት የተባለው ማን ነው? የቤት ሠራተኛዋ ናት። ፋብሪካ ውስጥ ወለል የምትጠርግ ሴት ሠራተኛ ናት፤ የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ዕረፍት በአዋጁ አላት። በቤት ውስጥ ወለል የምትጠርግ ሴት «አገልግሎት» ናት፤ የሚቀርላት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። መጥረጊያው አንድ፣ ወለሉም አንድ ነው። የለያቸው ቃል ነው። ቃል ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይህን አዋጅ ያንብብ።

ከጊዳ፣ ከሊሙ፣ ከጅማ አርጆ ገጠር ወደ ነቀምቴ የሚመጡ ልጃገረዶች ጥቂት አይደሉም። ቀን በሰው ቤት ሠርተው ማታ ይማራሉ፤ ብዙዎቹ የሚመጡት ለዚያ ለማታው ትምህርት ሲሉ ነው። ቃል የተገባላቸው «ትማሪያለሽ» ተብለው ነው። እራት እስኪቀርብ፣ ሳህን እስኪታጠብ፣ እንግዳ እስኪሸኝ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋል። ተመልሰው የሚገቡት ወደ ሰርቪሱ ነው፤ መብራቱ ከትልቁ ቤት ስለሚቆጠር ቶሎ ይጠፋል። የሚገርመው ነገር ከእነርሱ ግድግዳ ማዶ፣ በዚያው መስመር ቤት፣ ያ በለሆሳስ የተናገረው መምህር ተከራይቶ ይኖራል። መምህሩ የሚያፍረው በዚህ ነው። እንዲያፍር ያደረገው የክፍሉ ጥበት አይደለም፤ ጠባብ ቤት ለኢትዮጵያ መምህር ብርቅ አይደለም። የክፍሉ ስም ነው። ክፍሉ የማን እንደነበረ ስሙ ደብቆ ይነግረዋል፤ እርሱም ከዚያ ሰው ጋር እንዳይቆጠር ይፈራል። ባዕዱ ቃል ከባለቤቱ ላይ ያነሣውን ኀፍረት በተከራዩ ላይ ጣለው። የጠፋ ኀፍረት የለም፤ ቦታ ብቻ ለወጠ።

ስለ ኪነ ጥበብ ሰዎችም ዝም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም የባሰው ጥፋት በእነርሱ ዘንድ ነው። በመድረክ ተውኔትም ሆነ በቴሌቪዥን ድራማ የቤት ሠራተኛዋ መቼ ትገባለች? ትሪ ይዛ ትገባለች። ምን ትናገራለች? በገጠር ዘዬ አንድ ቃል ታበላሻለች፤ ተመልካቹ ይስቃል፤ ትወጣለች። አማርኛዋ በኦሮሞ ዘዬ የተቃኘ ከሆነ ሳቁ ይጨምራል። ደራሲው ይህችን ሴት ለምን ፈጠራት? ታሪኩን ልታገለግል ነው፤ በርዋን ልትከፍት፣ ደብዳቤ ልታቀብል፣ እመቤቲቱ የምታወራላት ጆሮ ልትሆን። የራስዋ ጉዳይ፣ የራስዋ እናት፣ የራስዋ ቂም የላትም። በተውኔቱ ግንብ ጀርባ የተሠራች ሰርቪስ ክፍል ናት። ደራስያን የባዕድ ቃል ወረራን ሲያወግዙ ይደመጣሉ፤ ነገር ግን ቪላውን ሲሠሩ እነርሱም ሰርቪሱን መሥራት አይረሱም። ሴትዮዋን ከትሪው ጀርባ አውጥቶ አንድ ሙሉ ገቢር የሚሰጣት ደራሲ ሲመጣ፣ ክፍልዋ ምን እንደሚባል እርስዋው ትነግረዋለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ቃል ጽዳት ሠራተኞች እንመለስ። እነርሱ ይህን ሁሉ ሰምተው ደስ ብሏቸው «ታዲያ ቃሉ ይወገድ!» ይላሉ። ከየት ይወገድ? ከጋራዡ? ሾፌሩ ሰርቪስ ሲል መካኒኩ ይገባዋል፤ መኪናውም ይድናል፤ ማንም አልተጎዳም። ከአውቶቡሱ? ሠራተኛው ሰርቪስ ሲል ደስ ይለዋል፤ ለእርሱ የቀረበለት ነገር ነውና። እዚያ ቃሉ ንጹሕ ነው፤ ይተው። ቋንቋን እንደ ግቢ ሣር አንድ ወጥ አድርጎ ማጨድ የሰነፍ ሥራ ነው። ቃል ሊነቀል የሚገባው ሰው በሚሸፍንበት ቦታ ብቻ ነው።

ምትክ ቃል መፍጠር ደግሞ አይቻልም የሚሉት ተሳስተዋል። አማርኛ ሰውን በሚኖርበት ነገር መጥራት ይችልበታል፤ አርሶ የሚያድረውን አርሶ አደር፣ አርብቶ የሚያድረውን አርብቶ አደር አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በወዙ የሚያድረውን ወዛደር ለማለት ሲፈልግ ከዚያው ጉድጓድ ቀዳ፤ ቃሉ የባለሙያ ሥራ ቢሆንም ሰው ሲሰማው ወዝ ሸተተው። ርዕዮተ ዓለምና ንድፈ ሐሳብ ያን ያህል አልታደሉም፤ በስብሰባ ተወልደው በስብሰባ ቀሩ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ሰው አለበት፣ ሌላው የለበትም። ሰርቪስ ለተባለው ክፍል ግን አዲስ ቃል መፍጠርም አያስፈልግም። የሠራተኛ ክፍል ነው፤ ሠራተኛ ካለችበት እንዲህ ይባል። ሠራተኛ ከሌለበትና ለኪራይ ከዋለ የጓሮ ቤት ነው። የጓሮ ቤት የሚለውን ስም የወለጋ ሕዝብ ሳይማር ያውቀዋል፤ ጓሮው የእንሰትና የጎመን ቦታ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ስሙን መለወጥ ቤቱን አያሰፋውም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ከቁም ነገር ሊቆጠር የሚገባውም ይህ ተቃውሞ ብቻ ነው። እውነት ነው፣ አያሰፋውም። ገረድ የሚለው ቃል ተወግዶ የቤት ሠራተኛ ሲባል ደመወዝ በማግሥቱ አልጨመረም። ነገር ግን ሠራተኛ ነኝ ማለት ስለቻለች ነው ዛሬ አንዲት ልጅ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዳ ያልተከፈለኝ የስምንት ወር ደመወዝ አለኝ ብላ ለመጠየቅ አፍ ያገኘችው። ገረድ ሆና ምን ብላ ትጠይቅ ነበር? ስም ቤት አይሠራም፤ የቤቱን ባለ ዕዳ ግን ያሳያል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ወረቀት ላይ የሚጻፍ ነገር አለ ማለት ነው፤ የሚከራከሩ ሰዎችም የሚከራከሩበት ቦታ አገኙ። በውሉ ላይ «አንድ ሰርቪስ» ተብሎ ከተጻፈ ምን ተከራየ? ኮርኒስ አለው ወይስ የለውም? ውኃው የጋራ ነው ወይስ ባለቤቱ ሲፈቅድ? መጸዳጃው የማን ነው? በሩ ከማታ በኋላ በማን ቁልፍ ይከፈታል? ሰርቪስ የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይውጣል፤ ባለቤቱም ተከራዩም ሰርቪስ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ምንም አይጽፉም፤ ጠብ ሲነሣም የሚነበብ ነገር አይገኝም። በነቀምቴ ውል የሚያዘጋጁ ጸሐፊዎችና ያንን ውል የሚፈርሙ መምህራን በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ቃል ሰርዘው በምትኩ «ከዋናው ቤት በስተጀርባ የሚገኝ፣ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ፣ አንድ መስኮትና አንድ በር ያለው፣ የራሱ መብራት ቆጣሪ የሌለው የመኖሪያ ክፍል» ብለው ይጻፉ። በዚያው መስመር ቤት ሠራተኛ የምታድርበት ክፍል ካለም፣ እርስዋም በአንድ ወረቀት ላይ በስምዋ፣ በደመወዝዋና በማታ ትምህርትዋ ሰዓት ትጻፍ።